የ435 ዶላሩ መዶሻ እና አልቀንስ ያለው በጀት

በ1983 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ባሕር ኃይል የገዛቸው የመለዋወጫ ዕቃዎች ዝርዝር አደባባይ ወጣ። ከዝርዝሩ ውስጥ አንድ መዶሻ አለ። ልዩ መዶሻ አይደለም፤ ማንኛውም አናጢ በመሣሪያ ሣጥኑ የሚይዘው ዓይነት ነው። ዋጋው ግን 435 ዶላር ይላል። ሻጩ ጉልድ የሚባል ኩባንያ ሲሆን፣ መዶሻው የበረራ ማሠልጠኛ ሲሙሌተር ለመጠገን ከሚያስፈልጉ ብዙ ዕቃዎች ጋር በአንድ ውል ተጠቃሎ የተገዛ ነበር። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ዋጋውም አብሮ እያደገ ሄዶ 600 ዶላር ደረሰ። እስከ ዛሬ ብዙ አሜሪካዊ የሚያስታውሰው ባለ 600ውን መዶሻ ነው።

መዶሻው ጊዜውን ጠብቆ ነው የመጣው። ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ግብር ቀንሰው፣ የጦሩን በጀት ጨምረው፣ የበጀት ጉድለቱ እየሰፋ አስጨንቋቸው ነበር። የማንንም ጡረታ ሳይነኩ፣ ግብርም መልሰው ሳይጨምሩ ጉድለቱን የሚደፍኑበት ነገር ቢገኝ እንዴት ጥሩ! መዶሻው ይህንን ተስፋ ሰጠ። አንድ ተራ መዶሻ በ435 ዶላር ከተገዛ፣ በዚያ ሁሉ መሥሪያ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ስንት ጉድ ይኖራል? እርሱን ጠርጎ ማውጣት ብቻ ነው። ሐሳቡ ለፖለቲከኛ ይጣፍጣል፤ የሚከፋው መራጭ የለበትማ።

እውነቱን ለመናገር ሬገን ፍለጋውን የጀመሩት ከመዶሻው ቀድመው በ1982 ነው። ደብሊው አር ግሬስ የተባለውን ትልቅ ኩባንያ ለረጅም ዘመን የመሩትን ፒተር ግሬስን ጠርተው፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ልክ የራሳቸውን ኩባንያ እንደሚፈትሹ አድርገው እንዲፈትሹ ኮሚሽን አቋቋሙላቸው። 161 የኩባንያ መሪዎች አባል ሆኑ። ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ ባለሙያዎች ከመንግሥት ደመወዝ ሳይቀበሉ ሠሩ። በጥር 1984 የቀረበው ሪፖርት 2,478 ምክረ ሐሳቦች ይዞ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ 424 ቢሊዮን ዶላር ማዳን ይቻላል አለ። የዚያን ዓመት የፌዴራል መንግሥቱ ጠቅላላ ወጪ 850 ቢሊዮን ገደማ ነበርና ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

ብዙም ሳይቆይ የኮንግረሱ የበጀት ቢሮ እና የመንግሥት ሂሳብ መርማሪው መሥሪያ ቤት በጋራ ሪፖርቱን ከፈቱት። ትልልቅ ቁጠባ ያመጣሉ የተባሉትን ወደ 400 የሚጠጉ ምክረ ሐሳቦች መርጠው እየመረመሩ ሄዱ። ኮሚሽኑ ከእነዚህ 298 ቢሊዮን ይገኛል ያለውን፣ እነርሱ 98 ቢሊዮን ብቻ ሆኖ አገኙት። ሁለት ሦስተኛው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተነነ።

የቀረው ደግሞ ሌላ ጥያቄ አመጣ። ከኮሚሽኑ ምክረ ሐሳቦች ትልልቆቹን ቀረብ ብሎ ላያቸው የሲቪል ሠራተኛውንና የወታደሩን ጡረታ መቀነስ የመሳሰሉ ነገሮች ናቸው። ይህ ጥሩ ሐሳብ ሊሆን ይችላል፤ መጥፎም ሊሆን ይችላል። ብክነት ግን አይደለም። ሕግ ወጥቶለት፣ ሰው አምኖበት፣ ዕድሜውን ያገለገለበት ክፍያ ነው። «ብክነት» የሚለው ርእስ ተለጥፎበት ሲመጣ ግን ምርጫ መሆኑ ይቀርና ጽዳት ይመስላል።

የሃርቫርዱ መምህር ስቲቨን ኬልማን ሌላውን ጫፍ ያዙ። ኮሚሽኑ ለሕዝብ ያቀረባቸውን አስደንጋጭ ምሳሌዎች ወስደው ከሥራቸው መቆፈር ጀመሩ። ከምሳሌዎቹ አንዱ፣ የመንግሥትን ሕንጻዎች የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ተመሳሳይ ስፋት ያለው ሕንጻ ከሚያስተዳድር የግል ኩባንያ 17 እጥፍ ሠራተኛ አለው የሚል ነበር። ኬልማን ሲጠይቁ፣ የግሉ ኩባንያ አብዛኛውን ሥራ በኮንትራት ለሌሎች ይሰጣል፤ የተቆጠሩት ኮንትራቱን የሚቆጣጠሩት ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው። በመንግሥት በኩል ሠሪው ሁሉ ተቆጥሯል፣ በግሉ በኩል አሠሪው ብቻ።

ኬልማን ኋላ በክሊንተን ዘመን የፌዴራል መንግሥቱን የግዥ ፖሊሲ የመሩ ሰው ናቸው፤ የመዶሻውንም እንቆቅልሽ እርሳቸው እንዲህ ያብራሩታል። መዶሻው የ15 ዶላር መዶሻ ነበር። በውሉ ውስጥ ለዕቃዎቹ ሁሉ የወጣ የጋራ የምሕንድስና ወጪ አለ። የሂሳብ ሠራተኞች ያንን ወጪ በዕቃዎቹ ቁጥር እኩል ሲያካፍሉት፣ ውስብስብ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃውም ተራው መዶሻም እኩል 420 ዶላር ደረሳቸው። 15 ሲደመር 420። ስለዚህ መዶሻው ከዝርዝሩ ቢሰረዝ 420 ዶላሩ በቀሩት ዕቃዎች ላይ ይከፋፈላል እንጂ ከውሉ አይጎድልም። ይህ ሲባል የአሜሪካ ጦር አያባክንም ማለት አይደለም፤ ያባክናል። ያኔ ሁሉም ጣቱን የቀሰረበት ቦታ ላይ ግን አልነበረም።

ታዲያ ብክነት የለም ልንል ነው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ታሪኩን ያቆመዋል። ግሬስ አጋንነዋል፣ መዶሻው ተረት ነው፣ አበቃ። ይህ ግን ልክ የግሬስን ያህል ችኮላ ነው። አንድ ግምት ስህተት ሆኖ ስለተገኘ ትክክለኛው መጠን ዜሮ ነው ማለት አይቻልም።

መለካቱ ነው የቸገረው። ብክነትን ለመለካት አንድ ዓይነት ዕቃ፣ ብዙ ገዢ፣ የተለያየ ዋጋ ያስፈልጋል። ሚኒስቴሩ ወንበር በውድ ገዛ ሲባል የግዥ ክፍሉ «ወንበሩ ይለያል» ይላል፣ አንዳንዴም እውነቱን ነው። ይህንን ክርክር የሚዘጋ መረጃ ያገኙት ሦስት ጣሊያናውያን ኢኮኖሚስቶች ናቸው፦ ኦሪያና ባንዲዬራ፣ አንድሬያ ፕራት እና ቶማሶ ቫሌቲ። ሦስቱም በዚያን ጊዜ ለንደን ውስጥ ያስተምሩ ነበር።

ጣሊያን በ1997 ኮንሲፕ የሚባል የመንግሥት ኩባንያ አቋቁማለች። ከ2000 ጀምሮ ይህ ኩባንያ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሁሉ በሚሆን መልኩ ጨረታ እያወጣ፣ ከአሸናፊው ጋር ዋጋ ይቆርጥና ዕቃውን በካታሎግ ያወጣዋል። ማዘጋጃ ቤት በለው፣ ዩኒቨርሲቲ በለው፣ ሚኒስቴር፣ በዚያን ጊዜ ከፈለገ ከካታሎጉ ይገዛ ነበር፤ ካልፈለገ የራሱን ጨረታ አውጥቶ ከገበያ ይገዛ ነበር። የውሉ መጠን ሲያልቅ ወይም ጊዜው ሲያበቃ ደግሞ ካታሎጉ ለዚያ ዕቃ ይዘጋና ሌላ ውል እስኪፈረም ሁሉም ወደ ራሱ ግዥ ይመለሳል። ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ደግሞ ይከፈታል። ማንም ለጥናት ብሎ አላሰበውም፤ ለተመራማሪ ግን ከዚህ የተሻለ ሙከራ አይገኝም።

በ2000 እና በ2005 መካከል 208 መሥሪያ ቤቶች 21 ዓይነት ዕቃ ሲገዙ የከፈሉት ዋጋ ተመዘገበ። ዕቃዎቹ ሁሉም የሚያውቃቸው ናቸው፦ ወረቀት፣ ኮምፒውተር፣ የቢሮ ወንበር፣ ነዳጅ፣ የምሳ ኩፖን። ከዋጋው ጋር የዕቃው ባሕርይ በዝርዝር ተጽፏል፤ «ወንበሩ ይለያል» የሚለው መልስ እዚህ ላይ ቦታ አጣ።

ውጤቱ በ2009 ታተመ። ተመሳሳይ ዕቃ ሲገዙ አንዳንዶቹ መሥሪያ ቤቶች ከሌሎቹ ሁልጊዜ በውድ ይገዛሉ። ዛሬ በወረቀት የተሸወደ ነገ በወንበርም ይሸወዳል። ማዕከላዊ ሚኒስቴሮች፣ በከፊል ራሳቸውን ከሚያስተዳድሩት እንደ ዩኒቨርሲቲና ጤና ተቋማት ካሉት ቢያንስ 22 በመቶ አስበልጠው ይከፍላሉ፤ ማዘጋጃ ቤቶች መሃል ላይ ናቸው። እነሆ ብክነቱ ተገኘ። ተረት ያልሆነ፣ ደረሰኝ ያለው።

ቀጥሎ ሁሉም ሰው የሚጠይቀውን ጠየቁ። ማን በላው?

መልሱን ያገኙበት መንገድ ጥናቱን ደጋግሜ እንዳነበው ያደረገኝ ነው። ከኮንሲፕ ካታሎግ የሚገዛ ሰው ጉቦ የሚቀበልበት ቀዳዳ የለውም፤ ዋጋው ተቆርጧል፣ ሻጩ ታውቋል። እንግዲህ አንድ መሥሪያ ቤት በውድ የሚገዛው የግዥ ሹሙ ከሻጭ ጋር ስለሚካፈል ከሆነ፣ ካታሎጉ ሲከፈት ይሸሸዋል፤ ጥቅሙን የሚያስቀርበት ነውና። በውድ የሚገዛው ግን ስላልቻለበት፣ ስለሰለቸው፣ ዋጋ ማወዳደር ለእርሱ ምንም ስለማይጨምርለት ወይም የወረቀት ብዛት ስላጠመደው ከሆነ፣ ካታሎጉን እፎይ ብሎ ይቀበለዋል። ሌባው ከካታሎጉ ይርቃል፣ ዳተኛው ይቀርባል ማለት ነው። የሆነውም ሁለተኛው ነው። ከብክነቱ 83 በመቶው ለማንም ኪስ ያልገባ ሆኖ ተገኘ። ማንም አልበላውም። እንዲሁ ፈሰሰ።

ይህ ነገር፣ ያውም በጣሊያን መሆኑ፣ እንደሚያስገርም አውቃለሁ። ጥናቱ የሚናገረው ስለ ወረቀትና ስለ ወንበር ነው፤ ስለ መንገድና ስለ ድልድይ ኮንትራት አይደለም። ሌባ ካለ የሚያደባው ትልቁ ገንዘብ ባለበት ነው። ቢሆንም በየቀኑ በሚፈጸመው ተራ ግዥ ላይ ያለው ብክነት እንደዚህ መሆኑ፣ ብክነትን በፖሊስና በፍርድ ቤት ብቻ እናጠፋዋለን የሚለውን ሐሳብ ያናጋል። ያልተሰረቀ ገንዘብ አሳልፎ የሚሰጠው ሌባ የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ቢታረም በጀቱ ምን ያህል ይቀንሳል? ሦስቱ ተመራማሪዎች አሰቡት። ሁሉም መሥሪያ ቤት፣ በርካሽ ከሚገዙት አሥር በመቶ ጫፍ ላይ እንዳለው ቢገዛ፣ የተጠናው ወጪ በ21 በመቶ ይቀንሳል። ይህ በመንግሥት ግዥ ሁሉ ላይ ቢሠራ ደግሞ ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት ከ1.6 እስከ 2.1 በመቶ የሚሆን ገንዘብ ይድናል። ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ማንም የገንዘብ ሚኒስትር ቢያገኘው አይጠላውም። ነገር ግን የጣሊያን መንግሥት ጠቅላላ ወጪ በዚያን ዘመን ከአገሪቱ ምርት ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነበር። ይህ ሁሉ ድካም፣ ሁሉም መሥሪያ ቤት ጎበዝ ሆኖ፣ ከመቶው አራት ገደማ ነው የሚቀንሰው። የዕዳው ወለድ ብቻ ከዚህ በእጥፍ ይበልጥ ነበር፤ ጡረታው ደግሞ የብዙ እጥፍ። ዓባይን በጭልፋ እንደሚባለው ነው፤ ጭልፋው ግን እውነተኛ ውሃ ይዟል።

ያንን አራት በመቶ ለማግኘት ምን ያስፈልጋል? የተለመደው መልስ ቁጥጥር ነው። ፊርማ መጨመር፣ ፕሮፎርማ ከሦስት ወደ አምስት ማሳደግ፣ ከክፍያ በፊት አንድ ተጨማሪ ኦዲተር ማስቀመጥ። ባንዲዬራና ፕራት ከሁለት ባልደረቦቻቸው፣ ማይክል ቤስት እና አድናን ካን ጋር ሆነው ይህንኑ ሊፈትኑት ወደ ፓኪስታን፣ ወደ ፑንጃብ ክፍለ ሀገር ሄዱ።

በፑንጃብ አንድ የትምህርት ቢሮ የግዥ ሠራተኛ እስክሪብቶ ወይም የፕሪንተር ቀለም ሲገዛ፣ ሻጩ ገንዘቡን የሚያገኘው የክፍለ ሀገሩ ሂሳብ ሹም መሥሪያ ቤት ሰነዱን መርምሮ ሲያጸድቅ ነው። ሰነዱ ይጎድላል ተብሎ ይመለሳል፤ ይሟላል፤ ደግሞ ይመለሳል። ገንዘቡ መቼ እንደሚመጣ የማያውቅ ሻጭ ደግሞ የመጠበቂያውን ዋጋ አስቀድሞ ይጨምራል። ተመራማሪዎቹ ከክፍለ ሀገሩ መንግሥት ጋር ተስማምተው ከ2014 እስከ 2016 ሠራተኞቹን በዕጣ ከፋፈሏቸው። አንዳንዶቹ በርካሽ ከገዙ ጉርሻ እንዲያገኙ ሆነ። አንዳንዶቹ ደግሞ ነጻነት ተሰጣቸው፦ ለአነስተኛ ግዥ ቅድመ ምርመራ የማይፈልግ ጥሬ ገንዘብ፣ የሚጠየቀውም ሰነድ ከእንግዲህ ወዲህ እየተፈለሰፈ እንዳይጨመር አንድ ቁርጥ ዝርዝር።

ቁጥጥር ሲላላ ሌብነት ይበዛል ብሎ የጠበቀ ብዙ ነው። ነጻነት ያገኙት ሠራተኞች የገዙበት ዋጋ በ9 በመቶ ወረደ። የዕቃው ጥራት አልተቀነሰም። ለብቻው የተሰጠው ጉርሻ ያን ያህል አልሠራም፤ የሠራውም ሂሳብ ሹሙ የማያንገላታ በሆነበት ወረዳ ነው። ነጻነቱ በተቃራኒው ይበልጥ የጠቀመው፣ ሂሳብ ሹሙ ሰነዱን ሁሉ እያዘገየ የበጀት ዓመቱ ሊያልቅ ሲል በሚያጸድቅበት ቦታ ነው። በሌላ አነጋገር ብክነቱን እንዲከላከል የተቀመጠው ሰው ራሱ ከብክነቱ ምንጮች አንዱ ነበር።

የፓኪስታን የበጀት ዓመት የሚዘጋው በጁን መጨረሻ ነው፤ ከእኛ ሰኔ 30 አንድ ሳምንት ብቻ ቀድሞ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ኢትዮጵያዊ የሰኔን ነገር ማስረዳት አያስፈልገውም፦ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ከመሆኑ በፊት የሚጣደፈው ግዥ፣ በድንገት የሚገኘው ሥልጠና፣ ከመጋዘን ገብቶ የሚቀረው ዕቃ። ይህ የድሃ አገር ጣጣ የሚመስለው ካለ፣ ጄፍሪ ሊብማን እና ኒል ማሆኒ የአሜሪካን የፌዴራል ግዥ ሲመረምሩ በበጀት ዓመቱ የመጨረሻ ሳምንት የሚወጣው ገንዘብ በሌላው ጊዜ በአማካይ በሳምንት ከሚወጣው 4.9 እጥፍ ሆኖ አግኝተውታል። በዚያ ጥድፊያ የተገዙት የኮምፒውተር ሥራዎችም ጥራታቸው ዝቅ ያለ ነበር። ያልተጠቀመበትን ገንዘብ ወደሚቀጥለው ዓመት እንዲያሻግር የተፈቀደለት አንድ መሥሪያ ቤት፣ የፍትሕ ሚኒስቴሩ፣ ይህ የጥራት መውደቅ አልታየበትም። የበጀት ቆጣቢዎች ሕግ፣ «ያልበላኸው ይወሰዳል» የሚለው፣ አባካኝ ሆኖ አረፈው።

እስካሁን ያየነው ብክነት እውነት መሆኑን፣ ከሚባለው ማነሱን፣ በመጥረጊያ ሳይሆን በጥንቃቄ የሚወጣ መሆኑን ነው። አንድ ጥያቄ ይቀራል። ተሳክቶ ቢወጣስ፣ ያ ገንዘብ የት ይሄዳል?

እንግሊዞች ይህንን በግልጽ ተናግረውት ነበር። በ2004 ሰር ፒተር ጌርሾን ያቀረቡት የቁጠባ ዕቅድ በዓመት ከ20 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ለማዳን ሲያልም፣ የሚድነው ገንዘብ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ሆስፒታል እንዲዞር እንጂ ጠቅላላው ወጪ እንዲወርድ አልነበረም። በ2007 ብሔራዊው የኦዲት መሥሪያ ቤት ተገኘ የተባለውን 13.3 ቢሊዮን ሲመረምር፣ ያለ ጥያቄ የሚቀበለው 3.5 ቢሊዮኑን ብቻ ሆነ። የቀረው በአለካኩ ያጠራጥራል፤ ከዚያም ውስጥ 3.1 ቢሊዮኑ ጨርሶ ስህተት ሊሆን ይችላል ተባለ።

የጣሊያኑ ግን ከዚህ የባሰ ነው። በ2013 መጨረሻ መንግሥት ካርሎ ኮታሬሊን የወጪ ቅነሳ ኮሚሽነር አድርጎ ሾመ። ኮታሬሊ በዓለም የገንዘብ ድርጅት የበጀት ጉዳዮችን ክፍል የመሩ፣ በዓለም ላይ ስለ በጀት እርሳቸውን ያህል የሚያውቅ ጥቂት የሚባልላቸው ሰው ናቸው። እስከ 2016 በዓመት 34 ቢሊዮን ዩሮ የሚደርስ ቅነሳ ዘረዘሩ። ገና ቅነሳው ሳይጀመር ግን በ2014 ክረምት ላይ አንድ ነገር አስተዋሉና በይፋ ጻፉት። ምክር ቤቱ አዳዲስ ወጪዎችን ያጸድቃል፤ ገንዘቡ ከየት ይመጣል ሲባል «ወደፊት ከሚደረገው የወጪ ቅነሳ» ይላል። ቁጠባው ከመገኘቱ በፊት ተበልቷል። በዚህ ከቀጠለ የሚድነው ገንዘብ ግብር ለመቀነስ አይውልም ሲሉ አስጠነቀቁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሥልጣኑን ለቅቀው ወደ ቀድሞ ድርጅታቸው፣ ወደ ዋሽንግተን ተመለሱ።

ይህንን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ጥቅምት 2024 ባለሀብቱ ኢሎን መስክ በኒው ዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ቆመው ቢያንስ 2 ትሪሊዮን ዶላር እቀንሳለሁ ሲሉ ምን ብሎ ይሆን? በዚያ ዓመት የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ያወጣው 6.75 ትሪሊዮን ነው። የጡረታ ክፍያ፣ የአረጋውያንና የድሆች ሕክምና፣ የዕዳ ወለድ እና መከላከያ ከዚህ ውስጥ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ይወስዳሉ። ሲቪል ሠራተኛው በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር ቢባረር፣ የሚድነው ከመቶ አምስት ገደማ ነው። ዶጅ የተባለው የመስክ ቡድን በጥር 2025 ሥራ ጀመረ። ካወጣቸው የመጀመሪያ ዝርዝሮች ውስጥ 8 ቢሊዮን ዶላር ያዳነበት ተብሎ የቀረበው ውል፣ ጋዜጠኞች ሲያዩት የ8 ሚሊዮን ሆኖ ተገኘ። በሚያዝያ መስክ ራሳቸው ግምታቸውን ወደ 150 ቢሊዮን አወረዱት። በግንቦት ለቀቁ። ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት በዚያው ወር ከሠራተኞቹ አንድ አራተኛውን አጥቶ ነበር። ግብር የሚሰበስበውን ሰው አሰናብቶ ጉድለት እንዴት እንደሚጠብብ ለእኔ አልገባኝም።

መስከረም 30 ቀን 2025 የአሜሪካ የበጀት ዓመት ሲዘጋ ጠቅላላው ወጪ 7 ትሪሊዮን አልፏል። ጡረታው አድጓል፣ ሕክምናው አድጓል፣ ወለዱ ብቻ 1 ትሪሊዮን ገደማ ሆኗል።

የተቀነሰ ነገር የለም ማለት ግን አይደለም። ከፌዴራል በጀቱ አንድ በመቶ ገደማ የሆነው የውጭ እርዳታ ተቆርጧል፤ እርዳታውን ያድል የነበረው ድርጅት፣ ዩኤስኤአይዲ፣ በሐምሌ 1 ቀን 2025 ተዘግቷል። ኢትዮጵያ ከድርጅቱ ትልልቅ ተረጂዎች አንዷ ነበረች፤ በገንዘቡም ላይ ሌብነት ነበረበት። በ2023 የእርዳታ እህል በስፋት እየተዘረፈ መሆኑ ሲታወቅ ድርጅቱና የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጀመሪያ በትግራይ፣ ቀጥሎም በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቆሙ። ከ20 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ በሚጠብቅበት አገር ሰፋ ያለው እደላ ዳግም የተጀመረው ወራት ቆይቶ፣ ተረጂ የመመዝገቡና እህል የማደሉ ሥራ ከአካባቢ ሹማምንት እጅ እንዲወጣ ተደርጎ ነው። ያ ዘገምተኛ፣ ሕመም ያለበት፣ የጣሊያኑን ካታሎግ የሚመስል ጥገና ነበር። የ2025ቱ ግን መዝጊያ ነው።

ገና በ2025 መጀመሪያ፣ እርዳታው በታገደ ሰሞን፣ የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5 ሺህ ገደማ የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ አደረገ። ኤችአይቪ የሚመረምሩ፣ መድኃኒት የሚከታተሉ ሰዎች ነበሩ። በዋሽንግተን መዝገብ ደመወዛቸው ቁጠባ ተብሎ ተቆጥሯል። በሽተኞቹ ግን እዚሁ አሉ፤ የሚያያቸው ሰው ደመወዝም ከአንድ መዝገብ ላይ መውጣቱ አይቀርም። በዚያው ሰሞን፣ በእኛ 2017 ዓ.ም. አጋማሽ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከመንግሥትም ከግልም ሠራተኛ ደመወዝ መዋጮ የሚሰበሰብበትን የአደጋ ስጋት ምላሽ ፈንድ የሚያቋቁም አዋጅ አጽድቋል።